ቶፊቅ የተባለው ሬጅስተር

ሰው ጅብ ቢፈራ ማንም አይስቅበትም። በዚያን ዘመን ደግሞ ካድሬ መፍራት የጤንነት ምልክት ነበር። እኔ ግን የፈራሁት ኪስ ነው። የሱሪ ኪስ አይደለም፤ የኮምፒውተር ኪስ። ይህን ስናገር ጓደኞቼ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ መሃል ላይ ስደርስ ደግሞ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋሉ። እናንተም እንደፈቀዳችሁ ተቀመጡ።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። በአብዮቱ ዘመን የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነበረው። ትልቅ ስላችሁ የዛሬዎቹን እንዳታስቡ። አንድ ሙሉ ክፍል ለብቻው ይዞ፣ እኛ በሙቀት ስንቀልጥ እሱ ቀዝቃዛ አየር እየተነፋለት በምቾት ይኖር ነበር። ይህን ያህል ገዝፎ ታዲያ ሥራውን የሚሠራው ሬጅስተር በሚባሉ አስራ ስድስት ትንንሽ ኪሶች ነው። ከአንዱ አውጥቶ ወደ ሌላው ይከታል፣ ይደምራል፣ ያወዳድራል፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ኪሶቹ ከዜሮ እስከ አስራ አምስት ቁጥር አላቸው። ፕሮግራም ጸሐፊው ከፈለገ በቁጥራቸው ይጠራቸዋል፣ ካልፈለገ ስም ያወጣላቸዋል። ጨዋ ከሆነ ደግሞ ከስሙ ጎን ማብራሪያ ይጽፋል፤ ይህኛው ዕድሜ ይይዛል፣ ያኛው አድራሻ ይጠብቃል እያለ። እኔ ጨዋ አልነበርኩም። የራሴን ፕሮግራም ሰንበት ብዬ ሳነበው ጠላት የጻፈብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከእኔ በፊት በዚያ ወንበር ላይ ይሠራ የነበረው ጀማል የሚባል የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ ሥራውን ለቆ አገሩ ገባና ጫት መነገድ ጀመረ። ጀማል ለኪሶቹ ሁሉ ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ ያውም የሰው ስም። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ማብራሪያም አላቸው፤ ማብራሪያው ግን ራሱ የሚያብራራው ይፈልጋል። «ኡሚ፦ የሁሉም ዕቃ እሷ ዘንድ ነው።» «ዘሃራ፦ ትቆጥራለች፣ አትሳሳትም።» «ሙሳ፦ ያመጣህ እሱ ነው፣ የሚመልስህም እሱ ነው።» የቶፊቅ ማብራሪያ ግን አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አለ።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የመምህራን ምደባ የሚታተምበት ጊዜ ደረሰ። ማን የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ከየአውራጃው ዝርዝር አንብቦ የሚያወጣ አዲስ ክፍል በጀማል ፕሮግራም ላይ እንድጨምር ታዘዝኩ። ለዚህ የትምህርት ቤቶቹን ዝርዝር አድራሻ የሚይዝልኝ አንድ ኪስ አስፈለገኝ፤ አድራሻውን እዚያ አስቀምጬ፣ በእሱ ተደግፌ ዝርዝሩን ላነብ። ኪስ ፍለጋ ዞርኩ። ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ቶፊቅ ብቻ ከፕሮግራሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሙ ተጠርቶ ምንም አይሠራም። ያ ሁሉ ሕዝብ እየዘመተ ሥራ የፈታ ኪስ! ተናደድኩና አሸከምኩት።

ማተሚያው እየተንጣጣ ወረቀቱን ለቀቀው። የመምህሩ ስም አለ። የሚያስተምረው ትምህርት አለ። የተመደበበት ቦታ ባዶ ነው። አቶ እገሌ፣ ሒሳብ፣ ባዶ። ወይዘሪት እገሊት፣ አማርኛ፣ ባዶ። ገጹን ገለጥኩ፣ ባዶ። የአገሪቱ መምህር በሙሉ ወደ የትም ተመድቧል።

ፕሮግራም ሲሳሳት አይቻለሁ፤ የተሳሳተ ፕሮግራም እንደ ሰካራም ነው፣ ይንጫጫል፣ የማይሆን ቁጥር ይተፋል። ይህ ግን አልተንጫጫም። እያንዳንዱን ሰው በስሙ ጠርቶ ቦታው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ሌላ ዝርዝር ሰጥቼ ሞከርኩ፤ ያው ዝምታ ነው። ማሽኑን አስቁሜ የቶፊቅን ሆድ አየሁ። ያስቀመጥኩት አድራሻ ሳይነካ እዚያው አለ። እንደገና ስደገፍበት ደግሞ የለም። ሳየው አለ፣ ስደገፍበት የለም። በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ላብ አጠመቀኝ።

የሥራ ባልደረባዬ እንዳልጠይቀው ለዘመቻ ሄዷል። አለቃችን ጓድ በላቸው ወረቀቱን ተቀብለው ገጽ በገጽ ገለጡት። ጓድ በላቸው ስቀው የማያውቁ፣ ሲቆጡም ድምፃቸው የማይጨምር ሰው ናቸው። ቢጮሁ ይሻለን ነበር።

«ይህ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል የነበረው ልዩነት ቤትህ ማደርና አለማደር ነው።

«ስህተት ነው፣ ጓድ።»

«የማን?»

አፌ ቀደመኝና «የቶፊቅ» አልኩ።

«ቶፊቅ የሚባል ሠራተኛ የለንም።»

«ሠራተኛ አይደለም፣ ጓድ። ምንም አይሠራም። ችግሩም እሱ ነው።»

ዓይኔን ሳይለቁ የይለፍ ወረቀት ፈረሙልኝ። «ሰኞ ምደባው ይታተማል። ሄደህ ከጀማል መልሱን አምጣ። ባታመጣ እኔን አይደለም የምታስረዳው፤ የሚጠይቁህ ሌሎች ናቸው።»

ባቡር ተሳፍሬ ሚኤሶ ወረድኩ። የፕሮግራሙ ወረቀት እንደ አልጋ ልብስ ተጣጥፎ ብብቴ ስር ነው። ከሚኤሶ ወደ ላይ የሚወጣ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አገኘሁና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ኬላው ላይ አንድ ሚሊሻ አስቆመን።

«ይህ ምንድነው?»

«ፕሮግራም ነው።»

«የየትኛው ድርጅት?»

የዚያን ዘመን ሰው ይህ ጥያቄ ወዴት እንደሚወስድ ያውቃል። ሚሊሻው ወረቀቱን በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋው። የእንግሊዝኛ ፊደል መቁጠር ይችላል፤ ምነው ባልቻለ።

«ኡሚ። ዘሃራ። ሙሳ። አባሎቹ ናቸው?»

«ኪሶች ናቸው።»

«ኪሳቸውን መች ጠየቅኩህ? ስማቸውን ነው የማነበው።»

ጣቱ እየወረደ ቶፊቅ ላይ ደረሰና ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን በመታጠፊያው ቀስ አድርጎ፣ የተኛ ሰው እንደሚያለብስ አጥፎ መለሰልኝ። «የጀማል ቤት ነው የምትሄደው» አለኝ። አልጠየቀኝም፤ ነገረኝ። «እለፍ። ይህን ስም ግን ኬላ ላይ ጮክ ብለህ አትጥራ።»

እስከዚያ ድረስ ስለ ጫት ዋጋ ሲያወራኝ የነበረው ሾፌር ከዚያ በኋላ ሬዲዮውንም ዘጋው። ዳገቱን ስንወጣ ጉም ወረደብን፤ መንገዱ ይታያል፣ ገደሉ አይታይም። እኔም እንደ ጅል ወረቀቱን እቅፌ ውስጥ አጥብቄ ያዝኩት።

አሰበ ተፈሪ፣ አገሬው ጭሮ የሚላት፣ ስንደርስ የጫት ገበያው ደርቷል። የጫት እስር የምትቆጥር አንዲት ሴት ጠጋ አልኩና የጀማልን ቤት ጠየቅኩ። ከእስሩ ላይ ቀና አለች።

«ከአዲስ አበባ ነህ? ከማሽኑ?»

«ከማሽኑ ነኝ።»

እጇ ቆመ። «ቶፊቅ ደህና ነው?»

እዚህ ላይ የእኔን ጅልነት ልብ በሉልኝ። ጀማል ለገበያው ሁሉ ስለ ኪሶቹ ሲቀልድ የኖረ መሰለኝ። መንገዱ አድክሞኛል፣ ኬላው አስደንግጦኛል፣ ሰኞ እየደረሰብኝ ነው። ብሶቴን ዘረገፍኩት።

«ምን ደህና ነው! የሰጠሁትን ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ሲጠሩት መልስ የለውም። ውስጡን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ምን እንደነካው አላውቅም!»

«ያ ረቢ!» አለችና በሻሿ አፏን ያዘች። አጠገቧ ያሉት ዝም አሉ፣ ከእነሱ አጠገብ ያሉትም ዝም አሉ፤ ዝምታው እስከ መኪኖቹ ድረስ ሄደ። ገበያ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙ።

አንድ ረጅም፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሰውዬ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ተከተለኝ» አሉኝ። «እኔ አደርስሃለሁ። መመለሻህም በእኔ ነው።» ሁለት እርምጃ እንደሄድን ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ «ዘሃራ፣ የእኔን ጫት ቁጠሪልኝ» አሏት።

«እሺ፣ ሙሳ» አለች።

ወረቀቱን በብብቴ ውስጥ ዳሰስኩት፤ ስሞቹ ወርደው ሄደው እንደሆነ ለማረጋገጥ ያህል። እኔ የምሄደው ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ውስጥ? ለመሸሽ ብፈልግ ደግሞ የሚመልሰኝ ሙሳ ነው፤ ተጽፏል።

ቤቱ ስንደርስ አንዲት እናት በሩ ላይ ተቀበሉን። ገና ሳልገባ ማን እንደሆኑ አወቅኩ። ግድግዳው ሙሉ የጎረቤት ቁልፍ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ የሰው ድስት፣ የሰው ጃንጥላ፣ የሰው ሳጥን፣ ወደ ቦኬ ከተማ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው አደራ የሰጠው የግድግዳ ሰዓት። ሰፈሩ ሲወጣ ዕቃውን የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኡሚ» አልኩ፣ ማንም ሳይነግረኝ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ኮቱ፣ ልጄ፣ ግባ። ጀማል አሁን ይመጣል።»

በርጫ ላይ ነበሩ። ጥቂት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ይቅማሉ፤ ቤቱ ጠቦ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይነካል። ከወደ ውስጥ በኩል ግን፣ ከመጋረጃው ሥር፣ ከሁሉም የተሻለ ፍራሽ ባዶውን ተነጥፏል። መከዳው ንጹሕ ነው። ከፊቱ ውሃ የሞላ ብርጭቆና ያልተነካ አንድ እስር ጫት አለ። ለእንግዳ ያዘጋጁት ነው ብዬ፣ ለከተማ ሰው የተሰጠውን ክብር በልቤ እያመሰገንኩ፣ ሄጄ ተቀመጥኩ። ኡሚ እጃቸውን ዘርግተው «ልጄ» ሲሉ ሰማሁ። ቀጥሎ የሚሉትን ሳልሰማ ወደ ኋላዬ ተደገፍኩ።

ከመከዳው በስተጀርባ ግድግዳ የለም። መጋረጃው የበር መጋረጃ ነው። በጀርባዬ ወደ ሌላ ክፍል ተገለበጥኩ፤ እግሮቼ ብቻ በርጫው ላይ ቀሩ።

ተጋድሜ ክፍሉን አየሁት። የተነጠፈ አልጋ። አልጋው ላይ የተተኮሰ የተማሪ ዩኒፎርም። ከአልጋው ሥር የተወለወለ ጫማ፣ አፉ ወደ በሩ ዞሮ። አቧራ የሚባል ነገር የለም። ትራሱ መሃል ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ ጭንቅላት አሁን የተነሳበት ይመስላል። ሰው ግን የለም።

ሰዎቹ እግሬን ጎትተው አወጡኝ። ማንም አልሳቀም፤ ሰው በጀርባው ተዘርግቶ ማንም ያልሳቀበት ቤት ያ ብቻ ነው። ኡሚ ባዶው ፍራሽ አጠገብ ተንበርክከው መከዳውን አስተካከሉ። ከዚያ ለፍራሹ፣ «ይቅር በለው ኢልማ ኮ፣ ልጄ። እንግዳ ነው፣ አያውቅም» አሉት። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆዩ። ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉና፣ «እሺ ብሏል» አሉኝ።

ጀማል ሲመጣ በሩ አጠገብ፣ ከቁልፎቹ ሥር ተኮራምቼ አገኘኝ። ልብሴ ላይ ያለውን የመጋረጃ ክር አየና ገባው። ወደ ጓሮ ይዞኝ ወጣ።

«ተደገፍክበት?» አለኝ።

«እዚህም እዚያም» አልኩት።

ወረቀቱን ተቀብሎኝ አገላበጠው። ቶፊቅ ታናሽ ወንድሙ ነው። በዚያ ክፉ ዓመት አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ የታሰረበትን ያየ፣ የሞተበትን የነገራቸው የለም።

«ሞቷል ብላት እናታችን ሬሳው የታለ ትለኛለች» አለ ጀማል። «ሰደቃ አውጡ ብል ማን ሞቶብን ነው ትላለች። በሕይወት አለ ብል ደግሞ የት? ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ስሙ መዝገብ ላይ የለም አሉኝ። አንድ ቀን የማሽኑን መጽሐፍ ሳነብ ስለ ዜሮ ቁጥሩ ኪስ ደረስኩ። እንዲህ ይላል፤ ዜሮ ቁጥር እንደሌሎቹ ኪስ ነው፣ ብታስቀምጥበት ይይዛል። አድራሻ አድርገህ ብትደገፍበት ግን ማሽኑ እዚያ ማንም እንደሌለ ይቆጥራል። ወላሂ፣ መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። የእኛ ቤት ነው የጻፉት አልኩ።»

ዜሮ! ይህን ሕግ እኔም ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ አግኝቼዋለሁ። ወረቀቱ ላይም ከእያንዳንዱ መስመር በስተግራ ማሽኑ የኪሱን ቁጥር ራሱ አትሞታል። እኔ ስሙን ሳነብ ቁጥሩን አላየሁም። አገር አቋርጬ፣ በሰው ልጅ መኝታ ቤት በር ተገልብጬ፣ ብብቴ ሥር ይዤው የመጣሁትን መልስ ተቀበልኩ።

«ስሙን ለምን እዚያ አደረግከው?» አልኩት።

«መንግሥት የት እንዳለ አልነግርህም አለኝ» አለ ጀማል። «እኔም መንግሥት ራሱ እንዲጠራው አደረግኩ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ስሙ ይነበባል። ለኡሚ የነገርኳት ይህን ብቻ ነው። ሌላ ውሸት አልጨመርኩም።»

ልሄድ ስነሳ ኡሚ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ገበያ ውስጥ የተናገርኩት ከእኔ ቀድሞ ደርሷቸዋል።

«ዘሃራ የነገረችኝ እውነት ነው? ሲጠሩት አይመልስም?»

ጀማል መሬት መሬት አየ። የሰኞው ፍርሃቴ ከዚህ ጥያቄ አጠገብ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያኔ ታወቀኝ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ኡሚ። ያለ ቦታው ሸክም አሸክሜው ነው። ከእንግዲህ ማንም አያሸክመውም። ስሙ ግን በየቀኑ ይጠራል።»

«ስሙን እንዳታወጡት» አሉኝ። «ሌላውን እንደፈለጋችሁ።»

«አናወጣም» አልኩ። ማን ነኝ ብዬ ቃል እንደገባሁ እግዜር ይወቅ።

ሙሳ እስከ ሚኤሶ ድረስ መለሱኝ።

ቢሮ እንደገባሁ የሌሎቹን ኪሶች ሥራ አሸጋሽጌ ሁለት አስለቀቅኩ፤ አድራሻውን ከቶፊቅ አንስቼ ለዘጠነኛው ኪስ ሰጠሁት፣ አስራ አንደኛው ትርፍ ሆነ። ማተሚያው ተንጣጣ። አቶ እገሌ፣ ሒሳብ፣ ገለምሶ። ወይዘሪት እገሊት፣ አማርኛ፣ ቦኬ። ሁሉም ቦታ ቦታውን አገኘ። ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ጓድ በላቸው ግን ወረቀቱን አይተው አልጨረሱም።

«ይህ ስም የሚሉት ቀልድ ይቅር» አሉ። «ሁሉም በቁጥሩ ይጠራ። ከእያንዳንዱ ጎን ሥራውን ጽፈህ አምጣልኝ።»

ጻፍኩ። ኡሚ አስራ ሦስት ሆኑ፣ ሙሳ አስራ አራት ሆኑ። ስጽፍ አልከበደኝም፤ እነሱ ጭሮ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፣ ስማቸው ቢወጣም አይጎድሉም። ዜሮ ላይ ስደርስ ግን እጄ እንቢ አለ። «ዜሮ፦ ቶፊቅ። ማንም አይደገፍበት፣ ማንም አያውጣው» ብዬ ጽፌ፣ ያጠፋሁትን እያወቅኩ ይዤ ገባሁ።

ጓድ በላቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡና ወደ ላይኛው መስመር ተመለሱ። «ስም አይኑር አላልኩም?»

ሰበብ ፈለግኩ፤ አጣሁ። የፍራሹን፣ የዩኒፎርሙን፣ የኡሚን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ለአለቃ መናገር በገዛ እግር መሄድ ነው፤ ግን ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ።

ተነስተው በሩን ዘጉ። ቁልፉንም አዞሩት። አሁን ስልኩን ያነሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ስልኩን አላነሱም። መጥተው ከጎኔ ባለው ወንበር፣ የበታች ሠራተኛ በሚቀመጥበት፣ ተቀመጡ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው አንዱ መስመር ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«አስራ አንደኛው ሥራ የለውም ብለሃል።»

«የለውም፣ ጓድ። ትርፍ ነው።»

«ስም ይውጣለት።»

«የማን ስም?»

ጣታቸው ከመስመሩ አልተነሳም።

«ሰብለ» አሉ። «ልጄ ናት።»

እርሳሴን አነሳሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስሟን እንዴት እንደምትጽፈው ጠየቅኳቸው። ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብለው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገሩኝ።